ለወንድሜ ሮዝ፣ ለእኔ ሰማያዊ

ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ሲጋጩ የሚሰጡት ድምፅ አለ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል፣ ቤቱ ዝም ካላለ የማይሰማ። ባለፈው ሰሞን የልጄ ሚስት ከጎኔ ተቀምጣ ለሚወለደው ልጇ ሹራብ ስትሠራ ያ ድምፅ ከስንት ዘመን በኋላ ጆሮዬ ገባና፣ እጄ ሳላዘው ወደ አናቴ ሄዶ ፀጉሬን ዳበሰ። ፀጉሬ በቦታው ነበር። አምስት ዓመት የሞላት የልጅ ልጄ ከእግሬ ሥር ሆና አየችኝና «አያቴ፣ ራስሽን አመመሽ?» አለችኝ። «አላመመኝም፣ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው» አልኳት። እሷም ከክሩ ጥቅል ጋር ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። ክሩ ሰማያዊ ነበር።

ያደግሁት ብቸና ነው፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሣር ክዳን ቤት። የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመት ቀርቶት ነበር፣ እኛ ግን ሊያበቃ መሆኑን አናውቅም ነበር። አባቴ በሦስት በቅሎ ከብቸና እህል እየጫኑ፣ ከሞጣ ጨርቅና ክር እያመጡ የሚነግዱ ሰው ስለነበሩ ከወሩ ግማሹን መንገድ ላይ ነበሩ፣ ቤቱን የምታቆመው እናቴ ነበረች። እናቴ ከእኔ በኋላ ሁለት ወንዶች ወልዳ ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው ሞተውባታል። ጎረቤቱ ሁሉ ዓይን ነው ይል ነበር፤ በዚያ ቤት ላይ ወንድ የሚፈልግ ዓይን አለ ተባለ፣ እሷም አመነች። ሦስተኛው ወንድ ሲወለድ፣ ከደጅ የቆሙት ሴቶች «ምን ተገኘ?» ብለው ሲጠይቁ፣ አዋላጇ አፏን ሳትከፍት እናቴ ከተኛችበት ቀድማ «ሴት ናት» ብላ መለሰች ሲባል ሰምቻለሁ። እልልታውም ለሴት የሚባለውን ያህል ብቻ ተባለ።

ስሙን ጥሩነሽ አለችው። በአንድ ጆሮው ሎቲ ተደረገለት፣ ፀጉሩ እንደ ወንድ ልጅ ቁንጮ ሳይሆን እንደ ሴት ልጅ ጋሜ ተቆረጠ፣ እኔ ያጠረኝን ቀሚስ ሁሉ እየለበሰ ቤት ውስጥም ደጅም «አንቺ» እየተባለ አደገ። የቅርብ ጎረቤት ወንድነቱን ያውቃል፣ ግን ማንም አይናገርም ነበር፤ እናቴ የምትፈራው ጎረቤቱን ሳይሆን ከገበያና ከበዓል የሚመጣውን የማታውቀውን ሰው ነበር። ስምንት ዓመት ሊሆነኝ ሲል፣ በአንድ ክረምት፣ ዝናብ ያስጠለልነው መንገደኛ «ይቺ ትንሿ እህትሽ ናት?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ወንድሜ ነው» ልል «ወን…» ብዬ ጀምሬ፣ እናቴ በነጠላዋ ሥር እጇን ሰዳ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ቁንጥጫው እስከ ነሐሴ መጨረሻ ጥቁር ሆኖ ቆየ። ከዚያ በኋላ አልተሳሳትኩም።

ቀለም ያኔ እኛ ዘንድ የወንድና የሴት አልነበረም። ነጭ የበዓል ነበር፣ ጥቁር የኀዘን፣ ብጫ የባሕታዊ። እናቴ ለሞቱት ሁለት ልጆቿ ብላ ጥቁር ነክራው የነበረው ቀሚስ ታጥቦ ታጥቦ አመድ መስሎ ቀርቶ፣ በሥራ ቀን የምትለብሰው እሱን ነበር። ስለዚህ ቀለም ስል ልጅ ሆኜ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ቀሚስ ነበር፣ ከእንግዲህ ነጭ የማይሆን፣ ጥቁርም ያልሆነ።

ጥቅምት ሲገባ፣ ጭቃው ደርቆ መንገዱ ሲከፈት፣ ለክሊኒኩ አዲስ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ተመድቦ መጣ። ሚስቱ ወይዘሮ ለተ የአስመራ ልጅ ነበሩ፣ ነፍሰ ጡር፣ ከእኛ አጥር ቀጥሎ ያለውን ቤት ተከራዩ። ሰው ስለማያውቁ እናቴ እርጎ ላከችላቸው፣ እሳቸውም በማግስቱ ባዶውን ቅል አጥበው ራሳቸው ይዘው መጡና ጓደኛ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፣ እናቴ እንዝርቷን ታሾራለች፣ ወይዘሮ ለተ በሁለት ብረት ሹራብ ይሠራሉ። ቀጭ ቀጭ የሚለውን ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው፣ እኔም ጥሩነሽም አፋችንን ከፍተን እናይ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ጠየቀቻቸው። «እትዬ፣ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት የሚሠሩት፣ መንታ ነው እንዴ?»

ወይዘሮ ለተ ሳቁ። «መንታስ አያድርገው፣ አንዱንም ከቻልኩት። ወንድ ይሁን ሴት ስለማላውቅ ነው። ሴት ከሆነች ይኼን ሮዙን፣ ወንድ ከሆነ ይኼን ሰማያዊውን።»

«ቀለሙ ምን አገባው?»

«እኛ ጋ እንዲህ ነው። ጣሊያኖቹ ሲያለብሱ አየን፣ አሁን የእኛም ሆኗል። ሰው ሕፃኑን ከሩቅ አይቶ እንዳይሳሳት ነዋ።»

«ከሩቅ?»

«ከሩቅ። ሮዝ ካየ ሴት ናት ይላል፣ ሰማያዊ ካየ ወንድ ነው ይላል፣ አለቀ።»

የእናቴ እንዝርት ቆመ። ሮዝ የሚባለውን ቃል ያኔ ነው የሰማነው፤ ከዚያ በኋላ እናቴ «ያ ፈዛዛው ቀይ» ትለው ነበር። ለረጅም ጊዜ ጥሩነሽን አየችው፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ፣ ቀጥላ እንደገና እንዝርቷን አሾረች። እኔም ማየቷን እንደ ፍቅር ቆጠርኩት። ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ የምታይ ሴት ነበረችና፣ ዓይኗ በእኔ ላይ ሲቆይ ደስ አለኝ።

ኅዳር ላይ የአባቴ እህት ልታየኝ ናፍቃለች ተብሎ አባቴ በበቅሎ አፈናጠው ሞጣ ወሰዱኝ፣ ሁለት ቀን ተኩል ሄድን። ሞጣ ውስጥ የአባቴ ደንበኛ ሐጅ ይማም የሚባሉ፣ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ እዚያው የነገዱ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ነበሩ። ሱቃቸው ገብተን አባቴ ትንሽ አፍረው «ፈዛዛ ቀይና ሰማያዊ የሱፍ ክር ያስፈልገኛል፣ አንዱ የሴት ነው፣ አንዱ የወንድ ነው አሉ» አሏቸው።

«ማን አለ?»

«የዚህች የሙሉ እናት ናት ያዘዘችኝ፣ ከድሬሰሩ ሚስት ሰምታ።»

«እኔ የማውቀው ፈዛዛው ቶሎ ያድፋል፣ ሰማያዊው እድፍ ይችላል። የወንድ የሴቱን እነሱው ይጨርሱት።» ወደ እኔ ዞሩና «አንቺስ፣ የቱን ወደድሽ?» አሉኝ። እኔ ፈዛዛውን በጣቴ ነካሁ። ሳቁና እቅፌ ውስጥ አስቀመጡልኝ፣ ሰማያዊው ከአባቴ ኮርቻ ከረጢት ገባ።

ያን ክር እስከ ብቸና ድረስ አቅፌው መጣሁ። ጉንደ ወይን ስናድር ተንተርሼው ተኛሁ። ሱፉ የበግም የሳሙናም የሚመስል ሽታ ነበረው፣ እኔም በመንገዱ ሁሉ ሹራቡ እንዴት እንደሚሆን፣ እጅጌው እስከየት እንደሚደርስ፣ ማን ማን እንደሚያይብኝ እያሰብኩ መጣሁ። የሴት ነው ተብሏል፣ በቤታችን ደግሞ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ስሌቱ ለእኔ ቀላል ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ወይዘሮ ለተ የሠሩልን ሹራቦች ደረሱ። እናቴ ሮዙን አንሥታ ለጥሩነሽ አለበሰችው። እኔ ተራዬን ስጠብቅ ሰማያዊውን በራሴ አጠለቀችብኝ። ወይዘሮ ለተ ብረታቸውን አስቀምጠው «የሙሉ እናት፣ ለእኔ እኮ ልኩን ብቻ ነው የነገርሽኝ፣ ትልቁን ለሌላ ልጅ መስሎኝ። ለሙሉ ሰማያዊ? ተገለበጠ» አሏት።

«ሰማያዊ ትወዳለች» አለች እናቴ።

አልጠየቀችኝም ነበር። አለቀስኩ፣ ስበሳጭ እንደማደርገው መሬት ለመሬት ተንከባለልኩ፣ ማንም አላነሣኝም። ግን እውነቱን ለመናገር ሹራቡ ይሞቅ ነበር፣ ለእኔ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያ ልብሴም እሱ ነበር፣ ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ወደድኩት። በሳምንቱ እናቴ ምላጭ አምጥታ ጋሜዬን ላጨችኝና ከአናቴ ላይ ቁንጮ ተወችልኝ። «ቅማል በዛብሽ» አለችኝ። ቀሚሴንም ከጉልበቴ ላይ ቆርጣ እንደ ወንድ እጀ ጠባብ አደረገችው። የሰፈር ልጆች «ሙሉ ሙሉዬ፣ መቼ ነው የምትታጨው? ሙሽሪት እንፈልግልህ» እያሉ ሲስቁብኝ፣ ጥሩነሽ በሮዝ ሹራቡ ከኋላዬ እየተከተለ አብሮ ይስቅ ነበር፣ ምን እንደሚያስቅ ሳያውቅ።

ነገሩ የገባኝ ጥር ላይ ነው። ለጥምቀት ታቦቱን ልንሸኝ ስንወጣ፣ ሌላ ጊዜ እናቴ ወንድሜን አዝላ እኔን ከኋላ ቀሚሷን አስይዛ ነበር የምትሄደው። ያን ቀን ግን እሱን በነጠላዋ ሥር ሸፍና እኔን ከፊት አደረገችኝ፣ ሰው በበዛበት ቦታ ሁሉ በትከሻዬ ይዛ ገፋ ገፋ ታደርገኝ ነበር። ከገጠር የመጡ አንዲት ሴት ቆም ብለው «የማን ወንድ ልጅ ነው ይኼ? ዓይኑ ሲያምር» አሉ።

«የእኔ ነው» አለች እናቴ።

እኔ ጠበቅሁ። የማያውቅ ሰው ልጅን አድንቆ ዝም ካለ፣ እናት «እትፍ እትፍ በዪለት እንጂ» ብላ ታስተፋለች፤ ዓይን እንዳይዝ ነው፣ በአገራችን ይህን የማያደርግ የለም። ጥሩነሽን በቀሚስ እንኳ ሆኖ «ታምራለች» ያለውን ሁሉ እናቴ መንገድ ዘግታ ነበር የምታስተፋው። ያን ቀን ዝም አለች። ሴትዮዋ እንደገና አዩኝ፣ ፈገግ አሉ፣ ሄዱ። እኔ ቀና ብዬ የእናቴን አፍ አየሁት። ተዘግቶ ነበር።

አባቴ በጥር መጨረሻ ከሞጣ ሲመለሱ እኔ ከጎተራው ጀርባ ነበርኩ። ጭነቱን እየፈቱ «ይቺን ልጅ ምን አደረግሻት?» ሲሉ ሰማሁ።

«ምን አደረግኋት፣ ሹራብ ለበሰች።»

«ፀጉሯስ?»

«ቅማል ነው።»

«አንቺ ሴት፣ እኔን አትሸንግይኝ።»

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁለት ቀብሬአለሁ» አለች። «እርስዎ ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ላይ ነበሩ። ዓይኑ ወንድ ካላየ አይሄድም። አንድ ላሳየው ብዬ ነው። እሷ ጠንካራ ናት፣ ስትወለድም አላስቸገረችኝም።»

አባቴ ይቆጧታል ብዬ ጠበቅሁ። የበቅሎዋን መቀነት ሲፈቱ ቆዩና «እሷስ ልጅ አይደለችም?» አሉ።

«አልኩዎት እኮ፣ ጠንካራ ናት።»

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ጭነት መሬት ሲነካ ነው። አባቴ ማውረዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ጎተራው ላይ ተለጥፌ፣ ሹራቤን ከአንገቴ ጎትቼ እየተመለከትኩት፣ ጠንካራ መሆን ምን እንዳጠፋ አስብ ነበር።

የካቲት ደርቆ አቧራ ሲሆን፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ እናቴ ወይዘሮ ለተ ዘንድ ስትሄድ በሩን ለእኔ ትታ ነበር። በደጃችን መንገደኛ ይጎርፋል። ሹራቤን አወለቅሁና ለጥሩነሽ አለበስኩት፣ የእሱን ሮዝ ለእኔ ለመልበስ ሞከርኩ፣ አልገባልኝም፣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁት። እሱ ደስታውን አልቻለውም፣ እጅጌው መሬት እየጠረገ «እኔ ሙሉ ነኝ፣ እኔ ሙሉ ነኝ» እያለ ዘለለ። በእጁ ይዤ ወደ አጥሩ በር ወሰድኩት። ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር፣ ልጅ ነበረች፣ አላወቀችም አይባልልኝ። እሱን አሳይቼ እኔ ልድን ነበር።

በሩ ላይ ስንደርስ አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ከመንገዱ ወደ እኛ እየመጡ ነበር። ውኃ ሊጠይቁ ነው። ጥሩነሽ ወደ እሳቸው እየሮጠ ሊሄድ እጄን ሳበ። ያን ጊዜ ምን እንደያዘኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ወደ ኋላ መልሼ ጎትቼ ጣልኩት፣ ሹራቡን ከላዩ ገፈፍኩት፣ እሱ ሲያለቅስ እኔ በችኮላ ሳጠልቅ በሹራቡ አንገት ውስጥ ጭንቅላቴ ተያዘብኝ። ጨለማው ውስጥ ሆኜ የአሮጊቷን ድምፅ ሰማሁ።

«ምን ሆናችሁ፣ ምን ያጣላችኋል? የትኛችሁ ነው ወንዱ?»

ጭንቅላቴን አወጣሁና «እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። «እደግ» አሉ፣ ውኃቸውን ጠጡ፣ ሄዱ። ጥሩነሽ ከኋላዬ ቀሚሴን ይዞ ይንሰቀሰቅ ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም።

መጋቢት ሲጋመስ ኩፍኝ ከተማውን ያዘ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ተኛሁ። ድሬሰሩ መጥቶ አየኝና በሽታው ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑን፣ ወንድሜን ከእኔ እንድትለየው፣ ውኃ እንዳይለየኝ ለእናቴ ነገራት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፣ ግን ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። እኔ ትኩሳቱ ሲያቃዠኝ የአሮጊቷን ምርኩዝ አይ ነበር፣ ሲለቀኝ ደግሞ «ሠራ» ብዬ አስብ ነበር፣ እናቴ ያሰበችው ሠራ፣ አሁን ጥሩነሽ ይድናል። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዝም አልኩ። ጠንካራ መሆን እንዲህ መስሎኝ ነበር።

በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቀን ዓይኔን ስገልጥ እናቴ ከበሩ መድረክ ላይ፣ ብርሃኑ ላይ ተቀምጣለች። ሰማያዊው ሹራብ ጭኗ ላይ ነው። ጫፉን በጥርሷ በጥሳ ስትተረትረው አየሁ፣ ወይዘሮ ለተ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ የሠሩት ዙር በዙር እየተፈታ፣ ክሩ ተጠማዞ እየወጣ፣ እሷ በእጇ ላይ እየጠቀለለችው፣ እንባዋ ሳይቋረጥ። ጥሩነሽ ቀርቦ «እማዬ፣ ለምን ታበላሺዋለሽ?» ሲላት አልመለሰችለትም። ሹራቡ ጠቅላላ አልቆ ጭኗ ባዶ እስኪሆን ድረስ አላቆመችም። ከዚያ መጥታ ራሴን አነሣችና፣ በትኩሳት የደረቀ አፌን በእርጥብ ጨርቅ እያራሰች፣ «እትፍ እትፍ፣ እትፍ እትፍ» አለች፣ በጆሮዬ ላይ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ያለፈውን ሁሉ የምታካክስ ይመስል።

ዳንኩ። ጥሩነሽንም ያዘው፣ እሱ ግን ቀለል ብሎለት በሳምንት ተነሣ። ሰማያዊው ክር የት እንደገባ አልጠየቅሁም። ሚያዝያ ላይ ወይዘሮ ለተ ሴት ልጅ ወለዱ፤ የበልጉ ዝናብ አላባራ ብሎ ሮዙ ሹራብ ታጥቦ አልደርቅ ሲል ለሕፃኗ ሰማያዊውን አለበሱላት። እናቴ ገንፎ ይዛ ስትገባ አይታ ከበሩ ላይ ቆመች። «እትዬ፣ ያውልቁላት።» ወይዘሮ ለተ «ለአንድ ቀን ነው፣ ማን ያያታል?» ብለው ሊስቁ ሲሉ ፊቷን አዩና ሳቃቸውን ተዉት። እናቴ ገንፎውን አስቀምጣ፣ ለበዓል ብቻ የምታወጣትን ነጭ ነጠላ ከቤት ሮጣ አምጥታ ሕፃኗን ራሷ ጠቀለለቻት።

ከዚያ ዓመት በኋላ ፀጉሬ በቀለ። ወንድሜ ሰባት ሲሞላው ሎቲው ወለቀ፣ ስሙ ጥሩነህ ሆነ፣ ካኪ ለብሶ ተማሪ ቤት ገባ፣ እኔ ግን ቤት ቀረሁና ከእሱ መጽሐፍ ፊደል እየለቀምኩ ማንበብ ለመድኩ። ስለ ሹራቡ እናቴና እኔ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ጠይቄያት ቢሆን ምን ትለኝ እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ፣ ግን ስታረጅም ስትታመምም ቃሉ ከአፌ አልወጣም።

የሞተች ቀን ገላዋን ካጠቡት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ። በአንገቷ ላይ ያለው ማተብ ወፍራም ነበር፣ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያው አውቀዋለሁ፣ ጥቁር ነው ብዬም አልፌዋለሁ። ውኃው ሲነካው ግን ከጥቁሩ ክር ጋር ተገምዶ ሌላ ክር ታየ፣ በላብና በዕድሜ የጠቆረ፣ በውስጥ በኩል ግን አሁንም ሰማያዊ። የምታጥበው ሴት «ይኼን ሱፍ ልቁረጠው?» አለችኝ። «ተዪው፣ የእሷ ነው» አልኳት። ከእኔ ላይ የተረተረችውን በራሷ አንገት አስራ ያን ሁሉ ዘመን ለዚያ ዓይን ስታሳየው ኖራ ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ የጥምቀቱን ቀን ረሳሁት አልልም። አፏ ተዘግቶ ያየሁት እናቴ ናት፣ ክሩን አንገቷ ላይ ያሰረችውም እሷው ናት፣ አንዷ ሌላዋን አታስረሳኝም።

አሁን ሁሉም ነገር ቀሏል። የልጄ ሚስት ሳትወልድ ሐኪሙ በአልትራሳውንዱ መስተዋት አይቶ ወንድ ነው ብሏታል፣ ክሩን ከሱቅ ስትገዛ ለወንድ ነው ብትለው ሻጩ ቀለም ሳትጠይቀው ሰማያዊውን አወረደላት፣ ማንም ማንንም መደበቅ አያስፈልገውም። ልጆች እንደ ድሮው በኩፍኝ አይሞቱም፣ በመርፌ ያልፋል። የሚፈራ የለም፤ አሮጊቷ በአጥራችን በር ላይ የጠየቁኝ ጥያቄ ብቻ አልቀረም፣ እንዲያውም ልጁ ሳይወለድ ቀድሞ ይጠየቃል።

ያን ቀን ሹራቡ ሲያልቅ የልጄ ሚስት ዘርግታ አሳየችኝ። የልጅ ልጄ ቀድማ ነጠቀችና በራሷ ላይ አጠለቀችው፣ እጅጌው ክንዷ ግማሽ ላይ ቀረ። እናቷ «አውልቂ፣ እሱ የወንድ ነው፣ የወንድምሽ ነው» አለቻት። ልጅቷ ሳታወልቅ ወደ እኔ ዞረችና «አያቴ፣ አያምርብኝም?» አለችኝ።

«ያምርብሻል» አልኳት። ወደ እኔ ሳብ አድርጌ፣ ለሕፃኑ ከማለቴ በፊት፣ መጀመሪያ ለእሷ፣ እትፍ እትፍ አልኩላት።